የወርቅ ሠሪ ሌንስና የእማዬ ሰፌድ

ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ ለጥፈው የሚያዩባትን ትንሽ ሌንስ ታውቋታላችሁ? ከአራት ወር በፊት አንዷን በ700 ብር ገዛሁ። 10 እጥፍ ታጎላለች፤ ታጥፋ ኪስ ውስጥ ትገባለች።

መጀመሪያ «30 እጥፍ» የሚል የተጻፈበት ፕላስቲክ ገዝቼ ነበር። ጠርዙ ላይ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል፤ ራሴንም አመመኝ። ቁጥሩ አያታልላችሁ፣ 10 ይበቃል።

አያያዟን ካላወቃችሁ ምንም አታሳይም። ሌንሷን ዓይናችሁ ሥር አድርጉ፤ የምታዩትን ነገር 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀረው አስጠጉት። ብርሃን ትወዳለች፤ እኔ መስኮት ሥር ነው የምቀመጠው። ፀሐይን ግን በፍጹም እንዳታዩባት።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ጤፍ ስታበጥር ከሰፌዱ ቆንጠር አድርጌ አየሁ። የአንዷ ፍሬ ርዝመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ግራም ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ፍሬ ይገባል። ዕድሜ ልኬን በልቻታለሁ፣ አንድም ቀን ግን ለብቻዋ አይቻት አላውቅም። ቀይዋ ፍሬ ብርሃን ሲያርፍባት እንደ ማር ታበራለች። ዝም ብዬ ቀረሁ።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ እዪ» አልኳት። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች። «ወይ ጉድ! ይህቺ ናት አገር የምትመግበው?» አለች። በማግስቱ እንጀራ ስታወጣ እሷው ጠራችኝ። ሊጡ ሲቦካ የያዘው አየር ምጣዱ ላይ ፈንድቶ የወጣበት ዓይን ሁሉ፣ ግድግዳው እንደ ሐር ስስ ነው።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሂሳብ መዝጊያ ሲደርስ ቤት የምገባው ጭንቅላቴ በቁጥር ተሞልቶ ነው። አሁን መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ሌንሷን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ጨው፣ ቅጠል፣ የእጄ ቆዳ፣ ያገኘሁትን። ትከሻዬ ይረግባል፤ እንቅልፌም ተሻሽሏል። በ2020 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት አለ። አረጋውያን በሳምንት 15 ደቂቃ፣ ለ8 ሳምንት፣ የሚያስደምም ነገር እየፈለጉ በእግራቸው ተጓዙ። ራሳቸውን ባነሱት ፎቶ ላይ የእነሱ ምስል ከሳምንት ሳምንት እያነሰ፣ አካባቢው እየሰፋ ሄደ፤ ጭንቀታቸውም ቀነሰ። ጥናቱ ስለ ሌንስ አይደለም፤ ያን ማነስ ግን እኔም አውቀዋለሁ። ደስ ይላል።

ጉድለቷ? ማጠፊያዋ ላልቷል፤ ማስቀመጫ ከረጢትም የላትም። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ያለ መደገፊያ ታስቸግራለች።

አሁን መሶቡ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ትናንት እማዬ የበርበሬ ፍሬ አሳየችኝ። ለራሴ ሌላ ልገዛ ነው።