በጅማ ለኢኮኖሚክስ መውጫ ፈተና የተማርኩበት ማጠናከሪያ ክፍል

ጅማ ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ፣ ለኢኮኖሚክስ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ማጠናከሪያ የሚሰጥ ክፍል አለ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው ብሎ የሚዝናና ካለ ኢኮኖሜትሪክስን፣ የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የምትተነትነዋን ትምህርት፣ አያውቃትም ማለት ነው።

የማይክሮ ኢኮኖሚክስ (የገበሬን፣ የሸማችንና የገበያን ባሕርይ የሚያጠናው) ትምህርቱ ግሩም ነው። መምህሩ የአቅርቦትን የመለጠጥ ባሕርይ ሊያስረዳ እፍኝ ሙሉ ቀይ ቡና ይዞ ገባና «ዛሬ ዋጋው እጥፍ ቢሆን ገበሬው ነገ እጥፍ ያቀርባል?» ሲል ጠየቀን። ችግኝ ፍሬ እስኪይዝ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ አቅርቦቱ ብዙም ንቅንቅ አይልም። የቡና ነጋዴ ልጅ ሆኜ እንኳ ነገሩን በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር።

ኢኮኖሜትሪክሱ ግን ለብ ለብ ነው። ስታታ የሚባለው የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒውተር አንድ ብቻ፤ ከኋላ የቆመ የሚያየው የሰው ማጅራት ነው።

የሥራ ምክሩም «ባንክ ተወዳደሩ» ከማለት አያልፍም። በጥር 2017 የተከፈተውን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች (የአክሲዮንና የቦንድ) ገበያ፣ የምርት ገበያውን፣ የፕላንና የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶችን፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያሉትን ቡና አቅራቢዎች ማን ያንሳቸው?

ማይክሮ ለከበደው እመክራለሁ፤ ክፍያውን ግን በየወሩ እንጂ በአንድ ጊዜ አትስጡ።