የተጋጨች ዲኤክስ፦ ትጠገን ወይስ እንዳለች ትሸጥ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ መኪና በተጋጨ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ጥያቄው ያው ነው፦ "ላሠራት ወይስ ልሽጣት?" ጠያቂው ግን አስቀድሞ ወስኗል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያመላለሰባት፣ ሙሽራ ያጀበባት ዲኤክስ፣ ያቺ የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት። "አሠራት" እንድለው ነው የሚደውለው። እኔ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "እንዳለች ሽጣት" ስለምል ቅያሜ አተርፋለሁ።

መጀመሪያ ምቱ የት ድረስ እንደገባ ይታይ። ኮፈን፣ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ)፣ በርና መብራት ብቻ ከሆነ ዕዳው ገብስ ነው፤ አሠሩ። ጣጣው የሚመጣው ሻንሲ፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም ሲነካ ነው። እንደ ዲኤክስና ቪትዝ ያሉ የቤት መኪኖች ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም። ሞተሩንም እግሩንም (ጎማውን የያዘውን ክፍል) የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው። ፊቷ ክፉኛ ከተጨማደደ፣ እግሩ የሚታሰርበት ቦታም አብሮ ይዛባል። በሰንሰለት ተስቦና በመዶሻ ተመትቶ ለዓይን ይስተካከላል። ልኩ ግን ካልተመለሰ ጎማ በአንድ ጎን ይበላል፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ይህ ቀልድ አይደለም። ፒክአፕ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ሻንሲው ለብቻው ስለሆነ፣ እሱ ቀጥ ያለ ከሆነ ጋቢናው ቢደቅም አሠሩት።

አሁን ወደ ብሩ። አንድ ጓደኛዬ ከአይሱዙ ጋር ተጋጨ። ዲኤክሱ ሳትጋጭ 1 ሚሊዮን ብር ታወጣ ነበር። ጋራዡ ለጥገና 300 ሺህ አለው። እንዳለች የሚወስድ ሰው ደግሞ 450 ሺህ ሰጠው። ጓደኛዬ ደመረ፦ 450 እና 300፣ 750። "ከሠራኋት 250 ሺህ አተረፍኩ ማለት ነው!"

አሠራት። የጋራዥ የመጀመሪያ ዋጋ በዓይን የሚታየውን ብቻ የያዘ ነው። ሲፈታ ራዲያተሩ፣ አሞርዛተሩ፣ የሞተር ጎሚኒው ተራ በተራ ብቅ አሉ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላር ዋጋ ሲሰቀል መለዋወጫም አብሮ ተሰቅሏል፤ ዛሬ የተነገራችሁ ዋጋ ነገ ላይቆይ ይችላል። 300 ሺህ የተባለው 420 ሺህ ገባ። ሊሸጣት ሲያወጣት ገዢው በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይዞ መጣ። የተጎዳው ቆርቆሮ በተሞላበት ስቱኮ ላይ ማግኔቱ አልያዝ አለ። የበሩን ክፍተት በጣቱ ለካ። 820 ሺህ ብሎ ከዚያ ፍንክች አላለም። ከ820 ላይ 420 ሲነሳ 400። መጀመሪያ ከተሰጠው በ50 ሺህ ያንሳል፣ ጋራዥ ደጅ የጠናበትና በባጃጅ የተመላለሰበት ሳይቆጠር።

"ሸጬስ ምን ልገዛ ነው?" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለበት ከ2016 ወዲህ ያለው መኪና ተወዷል። ግን በጓደኛዬ ቁጥር አስሉት። በ450 ሺው ላይ 550 ጨምራችሁ ያልተጋጨች ትገዛላችሁ። ለጥገና ደግሞ 420 ታወጣላችሁ። ልዩነቱ 130 ሺህ ነው። በ130 ሺህ ልዩነት ገበያ ላይ 180 ሺህ የምትበልጥ መኪና ይዛችሁ ትገባላችሁ። እኔ ዓይኔን አላሽም።

ማሠራት ግድ ከሆነባችሁ ኮፒ ዕቃ አታስነኩ። እኔ የገዛሁት የፊት መብራት ካርቶኑ ጃፓን ይላል፤ ጃፓንነቱ ካርቶኑ ላይ ቀረ። ዋጋው ከኦሪጅናሉ ግማሽ ነበር። ብርሃኑ ይበተናል፤ ጣርማ በር ላይ ጭጋጉን ያበራል እንጂ መንገዱን አያሳይም። ክረምት ሳይወጣ ውስጡ ውሃ ቋጠረ። ኮፒ ፓራፋንጎ ደግሞ ቀዳዳው ከቡሎኑ ስለማይገጥም ሠራተኛው እንደገና ይበሳል፣ ለዚያም ያስከፍላል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ከሌላ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ፈልጉ። ቢቧጨርም ይገጥማል።

ኢንሹራንስ ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ የራሳችሁን መኪና አይጠግንላችሁም። ሙሉ ዋስትና ያላችሁም ውሉ ላይ የሰፈረውን ዋጋ እዩ። ግማሽ ሚሊዮን ያስመዘገባችኋት መኪና ዛሬ ሚሊዮን ካወጣች፣ የጥገና ክፍያውም በዚያው ልክ ሊቀነስባችሁ ይችላል።

ለመሸጥ ከወሰናችሁ አዲስ ጎማና ባትሪ ካላት አውጥታችሁ ለየብቻ ሽጡ፤ የተጋጨ መኪና የሚገዛ ሰው ለእነሱ ብሎ አይጨምርም። ደላላው "ሊብሬውን ስጠኝ፣ ስሙን በኋላ እናዞራለን" ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ሰውየው ጠግኖ አስፋልት ሲያወጣት፣ አደጋ ቢያደርስ መጀመሪያ የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው።