ዮርክታውን፦ ምሳችሁን ቋጥራችሁ ሂዱ

ሥራዬ መንዳት ነው። በእረፍት ቀኔ ደግሞ ሦስት ሰዓት ገደማ ነድቼ ከቨርጂንያዋ አሌክሳንድርያ ዮርክታውን የሄድኩት ለትልቁ ልጄ የቤት ሥራ ስል ነው። ዮርክታውን አሜሪካኖች ለነፃነታቸው ሲዋጉ፣ ከፈረንሳዮች ጋር ሆነው የእንግሊዝን ጦር ከበው እጅ ያሰጡባት የቨርጂንያ ከተማ ናት።

መጀመሪያ ይህን ልንገራችሁ፤ የአሜሪካ አብዮት ሙዚየምና ጦር ሜዳው ለየብቻ ናቸው፣ ትኬታቸውም ለየብቻ። እኔ ሳላነብ ሄጄ ነው ሁለቴ የከፈልኩት።

ሙዚየሙ ስለ ከበባው የሚያሳየው ፊልም አለው። መድፉ ሲያጓራ ነፋሱም ጭሱም እናንተው ላይ ነው። ትንሿ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ትልቁ "እንደገና እንየው" አለ።

ለኔ ግን ጦር ሜዳው ይበልጣል። በመኪናችሁ እየዞራችሁ፣ ደስ ባላችሁ ቦታ እየወረዳችሁ ነው የምታዩት። የእንግሊዞቹ ምሽግ ቁጥር 10 ወንዙ አፋፍ ላይ ያለች የአፈር ክምር ናት፤ ባታውቁ ዝም ብላችሁ ታልፏታላችሁ። ኦክቶበር 14 ቀን 1781 ሌሊት በአሜሪካዊው መኮንን ሃሚልተን የተመሩ ወታደሮች ጥይት ባልጎረሰ ጠመንጃ፣ በሳንጃ ብቻ ገቡባት። አጠገቧ ያለችውን ቁጥር 9ን ፈረንሳዮቹ ያዙ። እንግሊዞቹ በባሕር እንዳያመልጡም መውጫውን የዘጉት የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ናቸው። በአምስተኛው ቀን እጃቸውን ሰጡ። አዛዡ ኮርንዋሊስ ግን "አሞኛል" ብሎ ምክትሉን ላከ። ልጄ "ውሸቱን ነው" አለ። የሒሳብ ፈተና ቀን አንተም ያምሃል አልኩት።

የቤት ሥራው ስለ ጄምስ ነበር። የቨርጂንያ ባሪያ ነው። ያመለጠ መስሎ ኮርንዋሊስ ሰፈር ገብቶ ከአሜሪካኖች ጎን ለተሰለፈው ፈረንሳዊ ጄኔራል ላፋዬት ሰለለ። እንግሊዞቹ አምነውት "ለኛ ሰልልልን" ሁሉ ብለውታል። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ወደ ጌታው ተመለሰ። ነፃ የሚያወጣው ሕግ በወታደርነት ለዘመቱ እንጂ ለሰላይ አልነበረም። ላፋዬት ምስክርነት ጽፎለት ነፃ የወጣው በ1787 ነው። አገሪቱ ነፃነቷ በውል ከተፈረመላት ሦስት ዓመት አልፏታል። ልጄ ምሽጉ ላይ ቁጭ ብሎ ዓመቶቹን በጣቱ ደጋግሞ ቆጠረ፤ የተሳሳተ መስሎት።

ምሳ የበላንበትን ቤት ስም አልጠራም። ዓሣው ዘይት ጠጥቶ ነው የመጣው፤ ሒሳቡ ግን እንደ ጉድ ነው። እዚያ ወረፋ ስንጠብቅ እጅ የመስጠቱን ውል የተደራደሩበትን ቤት ሳናይ መሸብን። ለሱ እንመለሳለን፤ ያኔ ግን ፍርፍር በሳህን ቋጥረን።