ሰማያዊው «ኦርጅናል» የበረንዳ ወንበር ከስምንት ወር በኋላ

ወንበሩን የሰበረው ሰው አይደለም፣ ፀሐይ ነው። ይህን ከሁሉ ቀድሜ የምናገረው ሻጭ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው የሰው ክብደት ስለሆነ ነው።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ለጀበና ቡና ቤቴ በረንዳ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ገዛሁ። ክንድ ያላቸው፣ ሙሉ መደገፊያ ያላቸው፣ በየሰርጉና በየለቅሶው ድንኳን የምናውቃቸው ዓይነት ናቸው። ከተራው ዋጋ ላይ ጨምሬ ነው የገዛኋቸው። ሻጩ አንዱን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና «ይሄ ኦርጅናል ነው፣ ክብደቱን እየው» አለኝ። እውነትም ከበድ ይላል። «ለግቢ ቢሉ ለበረንዳ፣ ዝናብ ቢሉ ፀሐይ፣ አይበግረውም» ብሎ ጨመረልኝ። ቃሉ ይኸው ነው።

ግንቦት ላይ የአንዱ የኋላ እግር ተሰበረ። የተቀመጡበት ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ናቸው። ጠዋት መጥተው አቦላቸውን ጠጥተው፣ ጋዜጣቸውን አገላብጠው የሚሄዱ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ትንሽ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ከነሲኒያቸው ኮብልስቶኑ ላይ ወድቀዋል። ክርናቸው ተልጧል። ተደግፈው ከተነሱ በኋላ መጀመሪያ ያሉት «ልጄ፣ የወንበሩን እኔ እከፍላለሁ» ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ደጄ ላይ ወድቀው፣ ሰው ፊት ተሳቅቀው፣ ጭራሽ ካሳ ልክፈል ይላሉ። ሌላው ቀርቶ እሳቸው ራሳቸው «ከብጄበት ይሆናል» ብለው አመኑ። አልከበዱበትም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የተሰበረውን እግር ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት። ከውጪ በኩል ሰማያዊው ገርጥቶ ነጣ ብሏል። ጣቴን ሳሽበት ነጭ ዱቄት ያዘኝ። እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት መታጠፊያ ዙሪያውን ፀጉር በሚያህሉ ስንጥቆች ተሞልቷል። የተሰበረው ገጽ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ዳር ዳሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ የገረጣ ሽፋን አለ። መሃሉ ገና እንደተገዛው ነው፤ ሰማያዊ፣ ድፍን፣ ደህና። የተበላው ቆዳው ብቻ ነው። ቆዳው ግን በቂ ሆኖ ተገኘ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። እነዚህ ወንበሮች የሚሠሩት ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ከስሩ ባለ ሦስት ቀስት ምልክት ውስጥ 5 ቁጥር ካያችሁ እሱ ነው። ፖሊፕሮፒሊን የረጃጅም ሰንሰለቶች ክምችት ነው። ጥንካሬውም ሆነ ሳይሰበር መለመጡ የሚመጣው ከሰንሰለቶቹ ርዝመት ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲመታው፣ የአየሩ ኦክስጅን ሲያግዝ፣ ሰንሰለቶቹ መበጣጠስ ይጀምራሉ። አንዱ ሲበጠስ ሌላውን የሚያጠቃ ቅንጣት ይፈጠራል፣ እሱም ሌላውን ያጠቃል፣ ነገሩ እየተባዛ ይሄዳል። ያጠሩት ሰንሰለቶች ተጠጋግተው ሲደድሩ ላይኛው ሽፋን ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሲደገፍ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው ስንጥቁ ጫፍ ላይ ነው። ስንጥቁ ከደረቀው ቆዳ ተነስቶ ደህናውን መሃል ይዞት ይሄዳል። ቀስ ብሎ መለመጥ፣ ማስጠንቀቅ የሚባል ነገር የለም። በአንድ ጊዜ ቀጭ ነው።

ፋብሪካዎች ይህን ሁሉ ያውቁታል። ዛሬ የተገኘ ምስጢር አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን እንዲህ ለዕቃ መሥሪያ በሚሆን መልኩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1954 በጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ሲሆን፣ በ1963 ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የኖቤል ሽልማት ወስዷል። ፈረንሳዊው ኦንሪ ማሶኔ ደግሞ በ1972 የነዚህ ወንበሮች ሁሉ አባት የሚባለውን አወጣ። ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንድ ሙሉ ወንበር ከሞልድ፣ ማለትም ቅርጽ ከሚያወጣው መጣያ፣ ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ የተወለደ ወንበር ዛሬም ቆሞ አለ። ፕላስቲክ በመሆኑ ብቻ ይሰበራል የሚባል ሕግ የለም።

መፍትሔውም አለ። ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ከውስጡ የሚደባለቅ የፀሐይ መከላከያ አለ። ከአሚን ወገን የሆኑ ኬሚካሎች ናቸው፤ ያቺን ሰንሰለት የምታጠቃ ቅንጣት እየያዙ ያከሽፏታል። የሚያስፈልገው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ሌላው መከላከያ ጥላሸት ነው። ውጪ የሚዘረጋው የውሃ ቱቦ ጥቁር የሆነው ለመልክ አይደለም፣ ጥላሸቱ ብርሃኑን ቀድሞ ስለሚውጠው ነው። እንግዲህ ከመቶ አንድ የማይሞላ ነገር ነው የተነፈገን።

እሺ፣ አሁን ሻጩ ይህን ቢያነብ የሚለውን አውቃለሁ። «ከባድ ሰው ተቀምጦበታል» ይላል። ከዚያው ግዢ አንዱ ወንበር ያለው ቤት ውስጥ፣ ሂሳብ የምቀበልበት ጠረጴዛ ጋ ነው። ቀኑን ሙሉ የምቀመጥበት እኔ ነኝ፤ ከጋሼ ደግሞ በጣም እከብዳለሁ። ያ ወንበር ዛሬም ያብረቀርቃል። ብጠመዝዘው ይለመጣል እንጂ አይጮህም። ያው ቀን ተገዛ፣ ያው ፋብሪካ ሠራው፣ የበለጠ ክብደት ተሸከመ። ልዩነቱ ጣሪያ ብቻ ነው።

«ታዲያ ፀሐይ ላይ ለምን ተውከው?» ይል ይሆናል። ለበረንዳ ነው ብለህ ስለሸጥክልኝ ነዋ! እኔ ለሳሎን ወንበር አልፈለግሁም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች፣ ለምድር ወገብ የቀረበች ከተማ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ እኛ ጋ ፀሐዩ ባህር ጠለል ላይ ካለው ወደ ሩብ የሚጠጋ ይጠነክራል። ብርዱ ያዘናጋናል እንጂ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ለፕላስቲክ ምሕረት የለውም። እዚህ ከተማ ውስጥ «የበረንዳ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ይህን ፀሐይ ማወቅ አለበት።

ወደዚያ «ክብደቱን እየው» ወዳለኝ ነገር ልመለስ፣ ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነውና። ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ የቀለለ ፕላስቲክ ነው፤ ስለዚህ ይንሳፈፋል። ከተሰበረው እግር ቆርሼ ባልዲ ውስጥ ጣልኩት። ሰመጠ። ከብዙ ዓመት በፊት የተገዙ ጠቆር ያሉ ቡናማ ወንበሮች አሉኝ፤ ከአንዱ ክንድ ላይ ትንሽ ቁራጭ ወስጄ ጣልኩ። ተንሳፈፈ። ይህ ልዩነት ዝም ብሎ አይመጣም። ፕላስቲኩን ለማርከስ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ይጨመርበታል። በክብደት ከመቶ 15 ገደማ ሲያልፍ ነው ፖሊፕሮፒሊን መስመጥ የሚጀምረው። በልኩ ቢሆን ችግር የለውም፣ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ሲበዛ ግን የመለመጥ አቅሙን ይቀንሰዋል፣ ዕቃውም ይከብዳል። ያ እጄ ላይ የተቀመጠልኝ ክብደት የጥራት ምልክት ነው ተብዬ ተጨማሪ ብር የከፈልኩበት ነው። የከፈልኩት ለድንጋይ ነው።

የተሰበረበት ቦታም ቢሆን ድንገተኛ አይደለም። የቀለጠው ፕላስቲክ ሞልዱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በመቀመጫው መሃል ነው የሚገባው። ወንበሩን ገልብጡት፣ ትንሽ ክብ ጠባሳ ታያላችሁ። ከዚያ ወደ አራቱ እግርና ወደ ክንዶቹ ይሮጣል። ሁለት ፈሳሾች ዞረው የሚገናኙበት ቦታ እንደሌላው አይዋሃድም። በዚያ ላይ መታጠፊያው ስል ከሆነ፣ የሚደገፍ ሰው ጉልበት ሁሉ እዚያች ማዕዘን ላይ ይሰበሰባል። አሮጌዎቹ ቡናማዎች መታጠፊያቸው ሰፊና ክብ ነው፣ ከኋላውም ማጠናከሪያ ጅማት አላቸው። ሰማያዊዎቹ ላይ ያ ጅማት የለም። ስገዛ ደግሞ ያሳየኝ ከላይ ከላይ ነበር።

ለማስጠገን ሞክሬያለሁ። ሱፐር ግሉ ፖሊፕሮፒሊን ላይ አይዝም፣ እንደ ደረቀ ተነስቶ ይወድቃል። ሰፈራችን ውስጥ ባልዲና ሳፋ የሚጠግን ጎበዝ ልጅ አለ። ሽቦ አግሎ እግሩን ሰፋልኝ፣ ጋል ባለ ብረትም አቅልጦ ደፈነው። ሥራው ንጹሕ ነበር። ስንሞክረው ከስፌቱ አጠገብ፣ ያልተነካው ቦታ ላይ ተተረተረ። ልጁ ገና ስፌት ሳይጀምር በጥፍሩ ፍቆ «ይሄ እኮ አልቋል፣ ሥጋ የለውም» ብሎኝ ነበር። ትክክል ነው። ሰንሰለቱ የተበጠሰ ፕላስቲክ በሙቀት ቢቀልጥ ርዝመቱ አይመለስም።

ሌላው ነገሩ ደህና ነው። ይታጠባል፣ ይደራረባል፣ መልኩም ሲገዛ ያምር ነበር።

ሻጩ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። የተሰበረውን አንዱን እቀይርልሃለሁ አለ። የቀሩት ላይ ያሉትን ስንጥቆች ሳሳየው «እነሱ አልተሰበሩም እኮ» አለኝ። እስኪሰበሩ ልጠብቅ? ማን ተቀምጦባቸው? የሚቀጥለው ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? ይህን ስለው ዝም አለ። ቅያሬውን አልወሰድኩም፤ ያው ዕቃ ነው የሚሰጠኝ።

ልትገዙ ከሆነ ክብደቱን ተዉት። ገልብጡት። የእግሩን መታጠፊያ በጣታችሁ ዳስሱ፣ ጅማት መኖሩን እዩ። ሁለቱን የኋላ እግሮች ይዛችሁ ወደ ውስጥ ጨመቅ አድርጉ፤ መታጠፊያው ላይ ወዲያው ነጭ መስመር ካወጣ ተዉት። ጠቆር ያለ ቀለም ምረጡ። ያቺ 5 ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ መከላከያ እንዳለው አትነግራችሁም፤ የእኔዎቹም ላይ አለች። ለውጪ የተሠራ ነው ካሏችሁ ደረሰኙ ላይ ይጻፉላችሁ። አልጽፍም ካሏችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

የበረንዳዎቹን ሰማያዊዎች በሙሉ አንስቻለሁ። ቆራሌው ሲመጣ አንድ አንዱን እያነሳ፣ አንዳንዱ ገና ይሸጣል ብሎ ለብቻ መደርደር ጀመረ። አስቆምኩትና መጋዝ አምጥቼ የሁሉንም የኋላ እግሮች ቆረጥኩ። «አበላሸህብኝ» ብሎ ዋጋውን ቀነሰ። ይቀንስ። ለበረንዳው የእንጨት ዱካዎች አዝዣለሁ፤ እስኪደርሱ ቡናማዎቹ እየሠሩ ነው።