ወርቅ ፈላጊ ማሽን፦ የቱ ለየትኛው መሬት?

ሻጭ ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ጥልቀት ነው። «ይሄኛው ሦስት ሜትር ያያል፣ ያኛው አምስት» እየተባለ ማሽን ይሸጣል። ወርቅ ፈላጊ ግን ከሁሉ በፊት ሊያጣራ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ መሬቱ ምን ያህል የብረት ማዕድን ተሸክሟል? እዚያ የሚወጣው ወርቅስ ምን ያህላል? እነዚህን ሳያውቁ የተገዛ ማሽን የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፤ ወይም ወርቁ ላይ ዝም ብሎ ያልፋል።

የጥልቀቱ ወሬ ለምን እንደማያስኬድ እንይ። ማሽኑ በዘንጉ ጫፍ ባለው የሽቦ ጥቅል፣ በኮይሉ በኩል፣ መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል። ሞገዱ ወርቁ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ ያም የራሱን ሞገድ መልሶ ወደ ኮይሉ ይሰድዳል። ምልክቱ ሲወርድም ሲመለስም ስለሚደክም፣ ከኮይሉ ስፋት ባለፈ ርቀት ላይ ጥልቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የሚመለሰው ምልክት ወደ 64ኛ እጁ ይወርዳል። ማጉያውን በእጥፍ ማሳደግ ጥልቀትን በእጥፍ አያሳድግም ማለት ነው። በዚያ ላይ ወርቅ ከባድ ስለሆነ መጠኑ ያንሳል፤ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል። 1 ግራም ወርቅ ጎኑ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የ0.1 ግራሙ ጎን ደግሞ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው። በአመቺ መሬት ላይ ጥሩ ማሽን የ0.1 ግራሙን በጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ የ1 ግራሙን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢያገኝ ሥራውን ሠርቷል። ሜትር የሚባለው ለበርሜልና ለብረት ሣጥን ነው።

ደቃቅ ወርቅን፣ በሳፋ ታጥቦ የሚገኘውን ብናኝ፣ የትኛውም ማሽን አያገኝም። ብናኙ ተሰብስቦ 10 ግራም ቢሞላ እንኳ ቅንጣቶቹ ስላልተያያዙ ለማሽኑ እንደ አንድ ቁራጭ አይቆጠሩም። ኳርትዝ በተባለው ጠንካራ ድንጋይ ውስጥ እንደ ክር ወይም እንደ ስፖንጅ ተበታትኖ ያለ ወርቅም እንዲሁ ከክብደቱ በጣም ያነሰ ድምፅ ይሰጣል። አካባቢው የሚሰጠው ብናኝ ብቻ ከሆነ ገንዘቡ ለማጠቢያ ዕቃ ይዋል።

አሁን ወደ ማሽኖቹ። በገበያ ላይ ያሉት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ቪኤልኤፍና ፐልስ። ቪኤልኤፍ («በጣም ዝቅተኛ ድግግሞሽ» ማለት ነው) ሞገዱን ሳያቋርጥ እየላከ እግረ መንገዱን ያዳምጣል። ለሳንቲምና ለጌጣጌጥ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ኪሎኸርትዝ ድግግሞሽ ሲጠቀሙ፣ ለወርቅ የሚሠሩት ወደ 45፣ 61 እና 71 ይወጣሉ፤ ትንሽ ወርቅ በከፍተኛ ድግግሞሽ የተሻለ ይመልሳልና። ችግሩ ማግኔታይት፣ ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ማዕድን፣ ነው። ጥቁር አሸዋና ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ያለማቋረጥ ምልክት ስለሚመልሱ ማሽኑ መሬቱን ራሱን እንደ ዕቃ ይቆጥረዋል። በአካባቢው ካለው አፈር የተለየ ማዕድን ያዘለ ድንጋይም ልክ እንደ ወርቅ ጮኾ ያስቆፍራል።

ፐልስ ማሽን ደግሞ ኃይለኛ ምት ይልክና ይቋረጣል፤ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ታግሶ ከዚያ ያዳምጣል። የማግኔታይት ምላሽ ከምቱ ጋር አብሮ ስለሚጠፋ፣ ማዳመጥ ሲጀምር የመሬቱ ጩኸት በአብዛኛው አልፏል፤ የወርቁና የሌላው ብረታ ብረት ድምፅ ብቻ ይቀራል። በከባድ መሬት፣ ማለትም የብረት ማዕድን በበዛበት፣ ላይ ፐልስ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጉድለትም አለው። የትንሽ ወርቅ ምላሽ ራሱ ቶሎ ስለሚጠፋ የድሮዎቹ ፐልሶች ደቃቃውን ሳያዩ ያልፉ ነበር። አዲሶቹ የመታገሻ ጊዜውን አሳጥረው ይህን ቢያሻሽሉም፣ በዚያው ልክ እርጥብ ጨዋማ አፈር እንዲጮህባቸው ሆኗል። ብዙዎቹ ብረትን ከወርቅ አይለዩም፤ ሚስማሩም ሽቦውም ይቆፈራል።

የመሬቱን ዓይነት ለማወቅ ጠንካራ ማግኔት በስስ ፌስታል ጠቅልሎ በደረቅ አፈር ውስጥ መጎተት ይበቃል። ጥቂት ጥቁር ብናኝ ብቻ ከያዘ ቪኤልኤፍ ይሠራል። ፌስታሉ ጢም እንዳበቀለ ሆኖ ከወጣ ወይም ጠጠሮቹ ራሳቸው ከማግኔቱ ጋር ከተነሡ የፐልስ መሬት ነው። ቀለም ብቻውን አያስተማምንም።

ለመጀመሪያ ማሽን ከቪኤልኤፎቹ መካከል ማይንላብ የተባለው አምራች የሚሠራው ጎልድ ሞንስተር 1000 ይቀድማል። በ45 ኪሎኸርትዝ ይሠራል፤ ከመሬት ጋር የሚስማማውም (የመሬቱን ድምፅ የሚያጠፋውም) ሴንሲቲቪቲውን፣ ደካማ ምልክት የመስማት አቅሙን፣ የሚያስተካክለውም በራሱ ስለሆነ ጀማሪ የሚያበላሽበት ቁልፍ የለም። ከሁለት ኮይል ጋር ይመጣል፤ 10 በ6 ኢንች ሞላላና ባለ 5 ኢንች ክብ። ብዙ ሰው ትልቁን ገጥሞ ትንሹን ካርቶኑ ውስጥ ይተወዋል፤ በአለት ስንጥቅና በድንጋይ መካከል ግን ደቃቁን የሚያወጣው ትንሹ ነው። የብረት መለያ ጠቋሚውን እንደ ምክር እንጂ እንደ ፍርድ መውሰድ አይገባም። በከባድ መሬት ላይ ትንሽ ወርቅ ብረት መስሎ ስለሚታየው፣ ጠቋሚው «ብረት» ቢልም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ፍቆ እንደገና ማዳመጥ ይሻላል። አውቶማቲክነቱ ጥቅሙም ጉዳቱም ነው፤ መሬቱ በየእርምጃው ሲቀያየር ከመሬቱ ጋር በእጅ የሚያስማሙበት መንገድ የለም። ኮይሉ እንጂ ሳጥኑ ውኃ ውስጥ አይገባም።

የፊሸር ጎልድ በግ 2 ሽማግሌ ነው፤ መልኩም ያንን አይደብቅም። ስክሪን የለውም፤ በሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ሁሉም በእጅ ይስተካከላል። ሆኖም በ71 ኪሎኸርትዝ፣ ከባለ 6.5 ኢንቹ ኮይል ጋር፣ ማዕድን ባልበዛበት አለት ላይ ለብዙ አዳዲሶች የማይታየውን ወርቅ ይሰማል። ጆሮውን ለማሠልጠን ትዕግሥት ላለው ሰው እንመርጠዋለን። ቀይ አፈር ላይ ግን አይወሰድ።

ከጅረት ዳርና ከውኃ ውስጥ ለሚሠራ የኖክታ ጎልድ ክሩዘር አለ፤ 61 ኪሎኸርትዝ ሆኖ ሳጥኑን ጨምሮ እስከ 5 ሜትር ውኃ ውስጥ ይገባል። ለወርቅም ለጠፋ ቀለበትም በአንድ ማሽን ልሥራ የሚል የማይንላብ ኢኩዊኖክስ 800ን ቢያይ አይከፋም፤ የወርቅ ሞድ አለው። ወርቅ ብቻ ለሚፈልግ ግን አንመክረውም።

ወደ ፐልስ ሲሻገሩ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ የማግኔቱ ፈተና «ግዴታ ነው» ካላለ መሻገር አያስፈልግም። ከዚያኛው ወገን ማይንላብ ኤስዲሲ 2300 ለትንሽ ወርቅ የተሠራ ነው። ይታጠፋል፣ በሻንጣ ይገባል፣ እስከ 3 ሜትር ውኃ ይችላል፣ በ4 ወፋፍራም ባትሪ ይሠራል። ባለ 8 ኢንች ኮይሉ ከማሽኑ ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ እንደ ሌሎቹ በቀላሉ አይቀየርም። ሰፊ ሜዳ በእርሱ መሸፈን ያሰለቻል፤ በጥልቀት ያለውን ትልቅ ወርቅም ያመልጠዋል። ቦታው የታወቀ፣ በትልቅ ማሽን ተፈትሾ ያለቀ የሚመስል መሬት ላይ ግን ቀሪውን ለቃሚ እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የማይንላብ ጂፒኤክስ 6000 ባለ 11 ኢንች ሞኖ (ባለ አንድ ጥቅል) ኮይል ይዞ 2.1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ለትንሹም ለመካከለኛውም ወርቅ ሳያደላ የሚሠራ ነው። በጀት ላለውና ከባድ መሬት ላይ ለሚሠራ ሰው አንድ ብቻ ምረጥ ቢባል እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የጋሬት አክሲዮም ከእርሱ ጋር ይፎካከራል። ክብደቱ ወደ 2 ኪሎ ነው፤ ተጠቃሚው የፐልሱን ፍጥነት ራሱ ይመርጣል፤ ምልክቱ ብረት መሆኑን የሚጠረጥር ማረጋገጫም አለው። ቁልፍ መነካካት የሚወድ አክሲዮምን፣ አብርቶ መሄድ የሚፈልግ 6000ን ይውሰድ።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለው የማይንላብ ጂፒዜድ 7000 እንደ ፐልስ ምት ልኮ አይታገስም፤ እየላከም ያዳምጣል። በጥልቀት ለተቀበረ ትልቅ ወርቅ ስሙ የገነነ ነው። ክብደቱ ግን 3.32 ኪሎ ነው። ያለ ትከሻ ማንጠልጠያ ግማሽ ቀን ከያዙት ክንድ ይዝላል፤ ክንድ ሲዝል ኮይሉ ከመሬት ከፍ ይላል፤ ኮይሉ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ የተከፈለበት ጥልቀት በአየር ላይ ቀረ።

የማሽኑ ግማሹ ኮይሉ ነው። ሞኖ ኮይል በአንድ ጥቅል ይልካል፣ ይቀበላል፤ ዲዲ ከሚባለው ሌላ ዓይነት ኮይል በጥልቀት ይበልጣል፤ ጠርዙም ንቁ ስለሆነ በድንጋይ ሥር በጠርዙ መፈተሽ ይቻላል። ዲዲ ኮይል ሁለት ተደራራቢ ጥቅል ስላለው በከባድና በጨዋማ መሬት ይረጋጋል፤ በምትኩ ከጥልቀቱ ይከፈላል። ስፋትም እንዲሁ ነው። ትልቅ ኮይል ትልቅ ወርቅን በጥልቀት ያገኛል፣ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ በዚያው ልክ ብዙ መሬት ስለሚያይ ብዙ ጩኸት ይሰማል፤ ደቃቁም ይጠፋዋል። ለትርፍ ኮይል ገንዘብ ካለ አንድ ከዋናው ያነሰ ይገዛ፤ ሁለተኛ ትልቅ ኮይል ብዙም አይጠቅም።

ከመክፈል በፊት ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ቀለበት እያወዛወዘ የሚያሳየው ትርዒት ምንም አያረጋግጥም፤ አየር ማዕድን የለውም። የራስን ፈተና ይዞ መሄድ ነው። 2 ሚሊ ሜትር የሆነች የእርሳስ ጥይት ፍንጣሪ ለማሽኑ እንደ ትንሽ ወርቅ ስለምትሰማ ጥሩ መፈተኛ ናት። በፕላስቲክ ቁራጭ ላይ በማጣበቂያ ተጣብቃ፣ ሊሠራበት ከታሰበው ቦታ በመጣ አፈር በተሞላ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ በ2፣ በ4፣ በ6 ሴንቲ ሜትር ትቀበር። አፈሩ በመጀመሪያ ባዶውን ይፈተሽ። ባዶው የሚጮህ ከሆነ ከታች የሚመጣው ድምፅ የጥይቷ ይሁን የአፈሩ አይለይም። ማሽኑ በተደጋጋሚ፣ ከቀኝም ከግራም፣ በአንድ ቦታ ላይ ሲጮህ ብቻ እውነተኛ ምልክት ይባላል።

አዲስ ባለቤት «ማሽኑ ተበላሽቷል» የሚልባቸው ነገሮች ብዙዎቹ ብልሽት አይደሉም። በኮይሉና በመከላከያ ሽፋኑ መካከል የገባ ጥቁር አሸዋ በየውዝዋዜው ያስጮኻል፤ ሽፋኑ ወልቆ ይታጠብ። ያልጠበቀ የኮይል ገመድ በዘንጉ ላይ ሲወዛወዝ የውሸት ድምፅ ይሰጣል፤ ከታች እስከ ላይ በደንብ ተጠምጥሞ ይታሰር። በኪስ ያለ ስልክ፣ ጫፉ ብረት የሆነ ጫማ፣ የቀበቶ ዘለበት ሁሉም ይሰማሉ። የመብራት መስመር ሲቀርብ ወይም ሌላ ማሽን በቅርብ ሲሠራ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ራቅ ማለትና ማሽኑ የሚሠራበትን ድግግሞሽ መቀየር ነው። በእጅ የሚስተካከል ማሽን ላይ ከመሬት ጋር ማስማማት ብረት በሌለበት ቦታ ይሠራል፤ ኮይሉን ከ15 ሴንቲ ሜትር እስከ መሬት ደጋግሞ ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ድምፁ ሲወርድም ሲወጣም አንድ እስኪሆን ድረስ። አፈሩ በተለወጠ ቁጥር ይደገማል። ሴንሲቲቪቲን እስከ ጫፍ መግፋት የጀማሪ ፈተና ነው፤ በሚንጫጫ ድምፅ መካከል ደካማ ምልክት አይሰማም፤ ዝቅ ብሎ የተረጋጋ ይበልጣል።

ውዝዋዜው ዝግ ያለ፣ ኮይሉ ከመሬት አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ የራቀ፣ ጫፍ ላይ የማይነሣ ይሁን፤ በፐልስ ማሽን ከጎን ወደ ጎን ለመድረስ ሦስት አራት ሰከንድ ይወስዳል። እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው ጋር በግማሽ ይደራረብ። ወርቁን ከጉድጓድ ለማውጣትም የፕላስቲክ ማንኪያ ያስፈልጋል፤ አፈሩን በማንኪያው ዘግኖ በኮይሉ ላይ ማሳለፍ፣ ከጮኸ ግማሹን ማፍሰስ፣ የጮኸውን ግማሽ እንደገና መክፈል። ጠንካራ ማግኔት የተገጠመበት ዶማ ደግሞ የብረት ስብርባሪውን እየለቀመ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

አንቴና ተገጥሞለት «ወርቅን ከ500 ሜትር ርቀት ይጠቁማል» የሚባለው ዕቃ ግን በዚህ ምርጫ ውስጥ የለም። በነፃ የሚዞር ዘንግ ያለው መሣሪያ የሚያንቀሳቅሰው የያዘው እጅ ነው። በዚሁ መንገድ የተሠራ ኤዲኢ 651 የተባለ የውሸት የቦምብ ፈላጊ ይሸጥ የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ 10 ዓመት ተፈርዶበታል። የዚያ ዕቃ መነሻ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ተብሎ የሚሸጥ መጫወቻ ነበር። ዛሬ ስክሪንና መብራት ቢጨመርበትም ውስጡ ያው ነው።

ከእውነተኞቹ መካከልም ቅጂ ብዙ ነው፤ በተለይ የማይንላብ ጂፒኤክስ ተከታታይ ስም የተለጠፈባቸው ሐሰተኞች ለዓመታት ሲሸጡ ኖረዋል። ሲበራ ድምፅ ያሰማል፣ ጠረጴዛ ላይ ቀለበትም ያገኛል፤ ከባድ መሬት ላይ ሲሄድ ግን ይጋለጣል። ዋጋው ከተፈቀደለት ወኪል ዋጋ በግማሽ ካነሰ መጠራጠር ተገቢ ነው። የመለያ ቁጥሩ በሳጥኑ ላይ፣ በካርቶኑና በዋስትና ወረቀቱ ላይ አንድ መሆኑ ይታይ፤ ቁጥሩን ለአምራቹ ልኮ ማረጋገጫ ሳይመጣ ገንዘብ አይሰጥ። ያገለገለ ከሆነ ኮይሉ ስንጥቅ እንደሌለው፣ ገመዱ ሲነካካ ድምፁ እንደማይቋረጥ፣ ባትሪው ሙሉ ሰዓት እንደሚቆይ በባልዲው አፈር ላይ እያወዛወዙ መፈተሽ ነው።