ረግረግ አጠገብ ግንባታ ሲጀመር፦ የውሃ ከፍታ ሎገር ይገዛል ወይ?

መልሱን ላስቀድም። አዎ፣ ይገዛል። ግን ሁለት ሆኖ፣ ያውም ዶዘር ከመግባቱ በፊት። ዶዘሩ ከገባ በኋላ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ምናልባት ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ብታውሉት ይሻላል።

የማወራው በግፊት ስለሚሠራው የውሃ ከፍታ መዝጋቢ ነው። ሰው ሁሉ ሎገር ነው የሚለው፣ እኔም ሎገር እለዋለሁ። የማይዝግ ብረት ቱቦ ነው። ርዝመቱ ስንዝር አይሞላም፣ ውፍረቱ ከአውራ ጣት እምብዛም አይበልጥም። ውስጡ ሴንሰር፣ ባትሪና ሜሞሪ አለ። ጎኑ በተበሳሳ የፒቪሲ ቧንቧ ውስጥ በሽቦ ታንጠለጥሉትና ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። በየሰዓቱ በላዩ ያለውን ግፊት ይለካል፣ ይመዘግባል። በዓመት 8,760 ንባብ ማለት ነው። ዝናብ ነው፣ ሌሊት ነው፣ እሑድ ነው አይልም።

እኛ የገዛነው ከረግረጉ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የመኖሪያ ቤቶች ሊሠሩ ነው ሲባል ነው። ጥቂት ሰዎች ነን፤ ማናችንም የውሃ ባለሙያ አይደለንም። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ገበያ ላይ ያሉት በአሠራር ይመሳሰላሉ፣ የምለውም ከሞላ ጎደል ለሁሉም ይሠራል።

በመጀመሪያ ከፍታ መለካት ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ረግረግ የሚጠፋው አፈር ሲደፋበት ብቻ አይደለም። ድንበሩ ካርታ ላይ ተከብሮ፣ ዙሪያው ታጥሮ፣ ማንም ሳይነካው ሊደርቅ ይችላል። ከላይ ያለው መሬት ጣራና አስፋልት ሲለብስ፣ ዝናቡ ወደ መሬት መስረጉን ትቶ በቦይ ይሮጣል። ረግረጉ ዝናብ ሲጥል ባንዴ ይጥለቀለቃል። ሲያባራ ደግሞ ከሥር ቀስ እያለ ይመግበው የነበረው ውሃ የለም። መሠረት ሲቆፈርም ጉድጓዱ እንዳይሞላ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ይሳባል፤ ስበቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ አይቆምም፣ የጎረቤቱንም ውሃ ያወርዳል። ለእንቁራሪት እንቁላል የአሥር ሴንቲሜትር ልዩነት የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ይህን ደግሞ በዓይን ግምት መያዝ አይቻልም። "ባለፈው ዓመት ውሃው እዚህ ድረስ ነበር" ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።

ወደ ወደድኩት ነገር ልምጣ። ዝናብ ያልጣለበትን የአንድ ሳምንት ንባብ ኮምፒውተር ላይ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ግራፉ ደረጃ ይመስላል። ቀን ቀን ይወርዳል፤ ፀሐይ ስትወጣ ቄጠማውና ፊላው ውሃ መሳብ ይጀምራሉ። ሌሊት ዕፅዋቱ ሲያርፉ መውረዱ ይቆማል። ከሥር ውሃ የሚገባለት ከሆነ እንዲያውም ጥቂት ከፍ ይላል። በማግስቱ እንደገና አንድ እርከን ወደ ታች። ዋይት የሚባል አሜሪካዊ የውሃ ባለሙያ ይህንኑ የቀንና የሌሊት ልዩነት ይዞ ዕፅዋት የሚጠጡትን ውሃ የሚያሰላበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1932 አሳትሟል። ያኔ የተለካው አሁን በዚህች ቱቦ ይለካል።

የእኛም ግራፍ ደረጃ ነበር። ከዚያ በታችኛው በኩል ያሉት ቤቶች መሠረት መቆፈር ተጀመረና ደረጃው ጠፋ። ቀንም ይወርዳል፣ ሌሊትም ይወርዳል፤ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሆነ። የሳይቱ መሐንዲስ ትሁት ሰው ነው። ስናነጋግረው "ደረቅ ወቅት እኮ ነው፣ ውሃ መቀነሱ ያለ ነው" አለን። እውነቱን ነው፣ ይቀንሳል። ግን ቄጠማ በውድቅት ሌሊት አይጠጣም። ግራፉን ስናሳየው ዝም ብሎ አየውና ፓምፑ የሠራበትን ሰዓት የሚያሳየውን መዝገብ አስመጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናደርጋቸው ክርክሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የሚስበውን ውሃ መጀመሪያ ደለል የሚያስቀር ኩሬ ውስጥ ያስገቡታል፣ ከኩሬው ደግሞ ከረግረጉ በላይ በተቆፈረ ቦይ መልሶ ወደ መሬት እንዲሰርግ ያደርጋሉ። እንደ ድሮው ሆኗል አልልም። ቁልቁለቱ ግን ረግቧል። ለእኔ ሎገሩ ዋጋውን የመለሰው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደሚያናድደው። ዕቃው ብቻውን አይሠራም፤ ሻጩ ይህን ትንፍሽ አላለም። ሎገሩ የሚለካው የውሃውን ግፊት ብቻ ሳይሆን ከውሃው በላይ ያለውን የአየር ግፊት ጭምር ነው። የአየር ግፊት 1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ሲጨምር ሎገሩ ውሃው 1 ሴንቲሜትር ያህል የጨመረ ይመስለዋል። የአየር ጠባይ ሲለዋወጥ ግፊቱ በ10 እና በ20 ሄክቶፓስካል ሊዋዥቅ በሚችልባቸው አገሮች፣ አንድ ጠብታ ሳይጨመር ረግረጋችሁ ሃያ ሴንቲሜትር ሞላ ይላችኋል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳ የአየር ግፊት በቀን ሁለቴ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይህ በተለይ በምድር ወገብ አካባቢ ጎላ ብሎ ይታያል። ካልተስተካከለ ያ ራሱ ግራፉ ላይ የውሸት ደረጃ ይሠራል። ስለዚህ አየር ላይ የሚሰቀል ሁለተኛ ሎገር የግድ ነው። የሁለቱ ልዩነት ነው ትክክለኛውን ከፍታ የሚሰጠው። ይህ ማሸጊያው ላይ በጉልህ መጻፍ ሲገባው መመሪያው መሐል በደቃቅ ፊደል ተወሽቋል። ደግነቱ አንድ የአየር ሎገር በአካባቢው ላሉ ብዙ የውሃ ሎገሮች ይበቃል።

ኬብሉ ውስጥ አየር የሚያስተነፍስ ቀጭን ቱቦ ያለው ዓይነትም አለ፤ እሱ ሁለተኛ አይፈልግም። ነገር ግን ቱቦው ውስጥ እርጥበት ከገባ ንባቡ ይበላሻል። ረግረግ ውስጥ ተቀምጦ እርጥበትን መፍራት እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።

ሌላው ሻጮች የሚያድበሰብሱት የመለኪያው ክልል ነው። የ5፣ የ10፣ የ100 ሜትር ጥልቀት እየተባለ ይሸጣል፤ ሰው ደግሞ ትልቁ ይሻላል ብሎ ይወስዳል። ስህተቱ የሚሰላው ከሙሉው ክልል ነው። ከመቶ 0.1 ስህተት በ100 ሜትሩ ላይ 10 ሴንቲሜትር ነው፣ በ5 ሜትሩ ላይ ግን ግማሽ ሴንቲሜትር። ለረግረግ ጥልቀቱ ትንሹን ውሰዱ።

ተከላው ከባድ አይደለም፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማንጠልጠያው የብረት ሽቦ ይሁን፤ የናይሎን ገመድ ይለጠጣል፣ የተለጠጠውን ያህል ንባቡ ይዛባል። የቧንቧው ክዳን ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይኑር። ቧንቧውን ለስላሳው ደለል ላይ ብቻ አታቁሙት፣ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ከሥር ያለው ጠንካራ አፈር ላይ ይድረስ። ውሃ በሚረጋበት ብርድ አገር ያላችሁ ደግሞ በረዶው ሳይይዘው አውጡት፣ ሴንሰሩን ይሰብረዋል። ንባብ ለመቅዳት በሄዳችሁ ቁጥርም ከቧንቧው አፍ እስከ ውሃው ድረስ በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። የሴንሰር ንባብ ከጊዜ ብዛት ቀስ እያለ ከእውነቱ ይርቃል፤ የሚያጋልጠው ይህ የእጅ ልኬት ብቻ ነው።

ከጎኑ ደግሞ ቁጥር የተጻፈበት ተራ እንጨት ትከሉ። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ። ሎገሩን የሚያነበው ኬብልና ላፕቶፕ ያለው ሰው ነው። እንጨቱን ግን ከብት የሚጠብቅ ልጅም፣ የሳይቱ ዘበኛም፣ መሐንዲሱም እኩል ያነቡታል። ስብሰባ ላይም ሰው ቶሎ የሚያምነው በዓይኑ ያየውን እንጨት ነው።

ዶዘር ከመግባቱ በፊት ያልኩት ለዚህ ነው፦ ሎገሩ ያለፈውን አያውቅም። ከግንባታው በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ርጥቡንም ደረቁንም ወቅት ካልያዘ የምታወዳድሩት ነገር አይኖርም። ሁለተኛ የውሃ ሎገር ካገኛችሁ ግንባታው የማይደርስበት ተመሳሳይ ረግረግ ውስጥ አስቀምጡት። ዝናብ ጠፍቶ ከሆነ ሁለቱም ይወርዳሉ። አንዱ ብቻ ከወረደ ጥያቄው ለማን እንደሆነ ይታወቃል። ግንባታው አንዴ ከተጀመረና የቀድሞ ንባብ ከሌለ ግን ገንዘቡ ከግንባታው ደለል ወደ ረግረጉ እንዳይወርድ የሚደረገውን መከላከያ ለመከታተል ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

ደለልን ካነሳሁ፣ የዚህ ዕቃ ትልቁ ድክመት እሱ ነው። ሎገሩ ውሃ መኖሩን እንጂ ምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ አያውቅም። ከተቆፈረው አፈር ቡና የመሰለ ጎርፍ ቢገባበት "ውሃው ጨምሯል" ብሎ በደስታ ይመዘግባል። የዓሣ እንቁላልና ከውሃ በታች ያለው ተክል በጭቃ ተሸፍኖ ግራፉ ቆንጆ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የድፍርስነት መለኪያ ቱቦ ጨምሩ። ብርሃን የሚያሳልፍ ረጅም ቱቦ ነው፣ ሥሩ ላይ ጥቁርና ነጭ ምልክት አለው። ውሃውን ደለሉን ሳትረብሹ ትቀዱና ትሞሉታላችሁ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ፣ የፀሐይ መነጽር ካላችሁ አውልቃችሁ፣ ከላይ ቁልቁል ታያላችሁ። ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ከሥር ባለው መክፈቻ ውሃውን በትንሽ በትንሹ ትለቃላችሁ። የቀረው ውሃ ከፍታ ነው ልኬታችሁ፤ ባጠረ ቁጥር ውሃው ደፍርሷል። ባትሪ የለው፣ ሶፍትዌር የለው። ጎርፉ እየወረደ ሳለ መለካት ነው ዋናው፤ በማግስቱ የጠራውን ውሃ ለክቶ ሪፖርት የሚያደርግ አይጠፋም። ያንኑ ጊዜ ደለሉን እንዲያስቀር ከግንባታው ዳር የሚቆመውን የጨርቅ አጥር ግርጌ እዩ። የታችኛው ጠርዝ ቦይ ተቆፍሮለት ካልተቀበረ ጎርፉ ከሥሩ ሾልኮ ያልፋል፣ ጨርቁ ለፎቶ ብቻ ይቆማል።

"ሳተላይት እያለ ምን አደከማችሁ?" ያለኝ ወዳጅ አለ። ሴንቲኔል 2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስሉ ነጻ ነው፣ በአምስት ቀን ገደማ ይመለሳል፤ ግን አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ረግረጉ ምን ያህል ከግንባታ ጋር እንደተጠጋ ለማየት ግሩም ነው። ፊላ ሥር የተደበቀ ውሃ በአሥር ሴንቲሜትር መውረዱን ግን አይነግራችሁም። ደመና ካለ ደግሞ ጭራሽ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። አንዷን የቀነስኩት ሁለተኛ ሎገር እንደሚያስፈልግ ስለደበቁን ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት። ባትሪው ይቀየራል ወይስ ሲያልቅ ዕቃው በሙሉ ይጣላል? ብዙዎቹ ተደፍነው የተሠሩ ናቸው፤ ባትሪው የሚቆየው እንደ አመዘጋገቡ ለዓመታት ነው፣ ካለቀ ግን አለቀ። ሁለተኛው ፋይሉ ነው፤ ያለ እነሱ ፕሮግራም፣ በተራ ኤክሴል ይከፈታል ወይ? ካልተከፈተ ሌላ ፈልጉ።