ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ባለሙያው ወንድማችን፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሁፍ ልጻፍ ካልኩ ሰነባብቻለሁ። ትናንት ማታ ቤታችን መጥቶ፣ ትንሽ ሠርቶ፣ «ይቺማ ክፍያ የላትም» ብሎ ሲሄድ ግን ከዚህ በላይ ማቆየት ከበደኝ። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ስለዚህ «ወንድማችን» እያልኩ እቀጥላለሁ። ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ለሚፈልግ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል።

ነገሩ የጀመረው በመጀመሪያው ማሽናችን ነው። ከፊት የሚከፈት፣ ነጭ፣ ሲያዩት ዓይን የሚስብ። ስንመርጠው ያየነው መልኩን፣ የፕሮግራሙን ብዛትና ዋጋውን ብቻ ነበር። ያመጡት ሰዎች ግድግዳው ሥር አስቀመጡት፣ ቱቦውን ሰኩና ሄዱ። ማታውኑ ልብስ አስገባን። ሲያጥብ ደህና ነበር። መጭመቅ ሲጀምር ግን ቤቱ ተናወጠ። ማሽኑ ከቦታው ተነስቶ እየተንቀጠቀጠ ወደ በሩ መጣ። እናቴ ደንግጣ ሶኬቱን ነቀለችው።

ለሸጡልን ሰዎች ስንነግራቸው «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲቆይ ይተዋል» አሉን። አመንናቸው። ለወራት፣ መጭመቂያው ሰዓት ሲደርስ ሥራዬን ትቼ እየሮጥኩ ማሽኑን በሁለት እጄ ተደግፌ እይዘው ነበር። ድምፁ እየባሰ ሄደ። አንድ ጠጋኝ ጠራን፤ ፓምፑ ነው ብሎ ቀየረው። ድምፁ እዚያው ነው። ገንዘባችን ሄደ። በመጨረሻ ጎረቤታችን የወንድማችንን ስልክ ሰጠችኝ።

ሲመጣ የመሣሪያ ቦርሳውን አልከፈተም። «እህቴ፣ መጀመሪያ ባዶውን እናስጨምቀው» አለኝ። አስጀመረውና ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ አጠፋው፣ በሩን ከፈተ፣ ልብሱ የሚገባበትን ከበሮ በእጁ ቀስ አድርጎ አሽከረከረው። የሚፈጭ ነገር ያለ ይመስል ይንኳኳል። የከበሮውን የላይኛውን ከንፈር ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርገው ይወላለቃል። «ኩሽኔታው ሄዷል» አለ፤ ከበሮው የሚዞርበት የብረት ቀለበት ማለቱ ነው። ቀጥሎ ማሽኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ በስልኩ መብራት ጀርባውን አሳየኝ። አራት ትልልቅ ብሎኖች ነበሩ፣ ከፋብሪካ እንደመጡ። ማንም አልፈታቸውም።

ይህን ነገር የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ ትንሽ ልቆይበት። ከፊት የሚከፈት ማሽን ውስጥ ከበሮው የተንጠለጠለው በሞላ ነው፤ ከሥር ደግሞ እንደ መኪና ሾክ አለው። ሲጨምቅ እንዲወዛወዝ ታስቦ ነው። በጉዞ ላይ እንዳይጎዳ ደግሞ ፋብሪካው ከጀርባ በብሎን ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል፤ አንዳንዱ ላይ 3፣ አንዳንዱ ላይ 4። ከመጀመሪያው እጥበት በፊት መፈታት አለባቸው። ካልተፈቱ ሞላውና ሾኩ ሊይዙት የሚገባው ንቅናቄ በሙሉ ማሽኑ አካል ላይ ያርፋል። እኛ ያንን ለወራት አድርገናል።

ያመሰገንኩት ግን ከዚህ በኋላ ባለው ነው። «ልሠራልሽ እችላለሁ፣ ግን አያዋጣሽም» አለኝ። ከበሮውን የያዘው የውጨኛው የፕላስቲክ ገንዳ በፋብሪካ ተበይዶ የተዘጋ ዓይነት ነው፤ ኩሽኔታውን ብቻ ለመቀየር አይከፈትም፣ ሙሉ ገንዳው ነው የሚገዛው። ያ ደግሞ ወደ አዲስ ማሽን ዋጋ ይጠጋል። ዝም ብሎ ሠርቶ ገንዘቡን መውሰድ ይችል ነበር። ምንም የማናውቅ ሰዎች ነበርን። እውነቱን ነገረን።

ሁለተኛውን ማሽን ስንመርጥ አብሮን አሰበ። ከመግዛታችን በፊት ቤት መጥቶ ሜትሩን አወጣና የበሩን ስፋት፣ የሚቀመጥበትን ቦታ ለካ። አብዛኞቹ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 85 ቁመት አላቸው፤ ወደ ውስጥ ያለው ጥልቀት ግን ከ45 እስከ 60 ወይም ከዚያ በላይ ይለያያል። ከኋላ ለቱቦው ቦታ መተው አለበት። ከዚያ የውኃውን ግፊት ጠየቀን። ውኃው ከጣሪያ ታንከር ብቻ የሚወርድ ከሆነ ከፍታው ነው ግፊቱ፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፣ አንዳንዶቹ 1። ስለዚህ መመሪያው ላይ ያለውን ዝቅተኛ ግፊት ሳያዩ መግዛት፣ ውኃ እስኪሞላለት ቆሞ የሚጠብቅ ማሽን መግዛት ነው። ይህን ማንም ሻጭ ጠይቆን አያውቅም።

ስለ ኪሎው ደግሞ፣ 7 ወይም 8 ኪሎ ሲባል የደረቅ ጥጥ ልብስ ክብደት እንደሆነ ነገረን። እስከ አፉ ጠቅጥቆ መሙላት አይደለም፤ ከላይ አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ሲንቴቲክ ከሆነ ግማሹን ብቻ። የመጭመቂያው ዙር ላይ በደቂቃ 1200 ይበቃናል አለ፤ 1400 ልብሱን ትንሽ የበለጠ ያደርቀዋል፣ ግን የበለጠ ያጨማድደዋልም። ሞተሩ ኢንቨርተር ቢሆን ይመርጣል፣ እንደ ተራው ሞተር እየተፋተገ የሚያልቅ ካርቦን ስለሌለው። ከሁሉ በላይ ያስጠነቀቀን ግን «መለዋወጫው እዚሁ ይገኛል ወይ? ገንዳው በብሎን ይከፈታል ወይስ የተበየደ ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ነው። ፕሮግራሙን አትቁጠሩ አለን። እውነትም ከ15ቱ ፕሮግራም የምንጠቀመው ሦስቱን ነው።

አዲሱ ሲመጣ ራሱ ተከለው። ማሽኑ ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እንዳይዘል ተብሎ ውስጡ ኮንክሪት ተደርጎበታል፤ እና ብቻውን አልነካውም፣ ረዳት ይዞ መጣ። ብሎኖቹን ፈትቶ በላስቲክ ከረጢት አሰረና «ቤት ከቀየራችሁ መልሳችሁ ታስሩበታላችሁ፣ እንዳትጥሏቸው» ብሎ ለእናቴ ሰጣት። ውኃ ልኩን ላዩ ላይ አስቀምጦ እግሮቹን አንድ በአንድ አስተካከለ፣ ማጥበቂያቸውንም አጠበቀ። የቆሻሻ ውኃ ቱቦውን ከወለል ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ አሰረው፤ ዝቅ ካለ ውኃው ሳይታጠብበት ራሱን ስቦ ይወጣል። ሶኬቱ ኧርዝ (የመሬት መስመር) እንዳለው በመለኪያ ፈተሸ። ውኃ ሲያሞቅ ወደ 2000 ዋት ስለሚስብ በማከፋፈያ እንዳንሰካው አጥብቆ ነገረን።

ሲጨርስ ብርጭቆ ጠየቀ። ውኃ ሞልቶ ማሽኑ ላይ አስቀመጠና ማስጨመቅ ጀመረ። ሁላችንም ቆመን አየን። ውኃው ላይ ቀጭን ክብ ክብ ሞገድ ታየ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ያን ማሽን በሁለት እጄ ይዤ የቆምኩባቸው ቀናት ትዝ አሉኝና እንባዬ መጣ።

እናቴ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት። ዕድሜዋን በሙሉ በእጇ ያጠበች ሴት ናት፣ ወገቧ እስኪጎብጥ። በመስታወቱ አየችና «ይቺ ጭላጭ ውኃ ይህን ሁሉ ታጸዳለች?» አለች። ወንድማችን አልቸኮለም። ቁጢጥ ብሎ ከጎኗ ተቀመጠ። «እማማ፣ እርስዎ ልብሱን ድንጋይ ላይ ይመቱት የለም? ይሄም እንደዚያ ነው። ከበሮው ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ከላይ ይጥለዋል። የሚያጸዳው መውደቁ ነው፤ ውኃ ከበዛማ ይንሳፈፋል፣ አይመታም» አላት። ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኑ ኃላፊ እሷ ናት።

ሳሙናውን ያስተካከለችውም እሷ ናት። እኛ ለእጅ እጥበት የሚሆነውን፣ አረፋው የሚበዛውን ዱቄት በእፍኝ እንጨምር ነበር። አረፋው ሲበዛ ልብሱ አረፋ ላይ ይወድቃል፤ ምቱ ይጠፋል፣ ሳሙናውም በደንብ አይለቀቅም። አሁን አረፋው አነስተኛ የሆነውን፣ ለማሽን የተሠራውን፣ በመለኪያ ነው የምትጨምረው።

ሽታ ያስቸገራችሁ ካላችሁ ይህን ስሙ። ወንድማችን ነጭ ጨርቅ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ የበሩን ጎማ እጥፋት ውስጥ አንድ ዙር አዞረው። የድሮው ማሽን ላይ ነበር። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ሻጋታ፣ ፀጉር፣ የሳሙና ጭቃ። «በሩን እየዘጋችሁት ነው፣ መተንፈስ አልቻለም» አለ። አሁን ታጥቦ ሲያልቅ ጎማውን እንወለውላለን፣ በሩንና የሳሙናውን መሳቢያ ገርበብ አድርገን እንተዋለን። በወር አንዴ ባዶውን በ60 ወይም በ90 ዲግሪ እናስኬደዋለን። ሽታ የሚባል የለም። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ግን በሩን ወለል አድርጋችሁ አትተዉ፤ ከማስጀመራችሁ በፊትም ውስጡን እዩ። ይህን ሳይነግረን ከቤት አልወጣም።

ትናንት ማታ የሆነው ይህ ነው። ማሽኑ ውኃውን አልወጣ ብሎ ቆመ። መጀመሪያ ያስተማረኝን አደረግኩ። ከሶኬት ነቀልኩ፣ ውኃው እስኪበርድ ጠበቅኩ፣ ከታች በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቼ ዝርግ ሳህን አስቀምጬ በቀጭኗ ቱቦ ውኃውን አወጣሁ፣ ፊልተሩን ፈትቼ አጠብኩ። አንድ ቁልፍና የክር ጥቅል አገኘሁ። አሁንም አልሄድ አለ። ደወልኩለት፤ ድምፁን ቀርጸሽ ላኪልኝ አለኝ። ሰምቶ መጣ። የፊልተሩ ቀዳዳ ውስጥ በመብራት አየና በመቆንጠጫ የፀጉር ሽቦ አወጣ፤ የፓምፑን ምላስ ቀርቅሮት ነበር። «ትክክለኛውን ሁሉ አድርገሽ ነው የጠራሽኝ» አለኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከባለሙያ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ልትደውሉለት ካሰባችሁ፣ አስቀድማችሁ ማሽኑ ሲጨምቅ ቪዲዮ ቅረጹለት፣ የጀርባውንና የስም ሰሌዳውን ፎቶም ላኩለት። በስልክ የሚፈታ ከሆነ በስልክ ይነግራችኋል። ለመግዛት ያሰባችሁም ከመክፈላችሁ በፊት አማክሩት።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናቴም ብሎኖቹን ከነከረጢታቸው ሳጥኗ ውስጥ እንዳስቀመጠቻቸው ንገሪልኝ ብላለች።